መጠየቅ፦ ቃሊቲ፣ ሃይማኖትና የእስረኛ ጤና

እኛ ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ ከአፋችን የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል የጤና ጸሎት ነው። "ጤና ይስጥልኝ" እንባባላለን። የታመመ ሰው ቤት ስንገባ "እግዜር ይማርህ"፣ የታሰረ ሰው ፊት ስንቆም ደግሞ "እግዜር ያስፈታህ" እንላለን። ሁለቱም ጋ የምንሄድበት ጉዳይ በቋንቋችን አንድ ስም አለው፦ መጠየቅ። የታመመ ይጠየቃል፤ የታሰረም ይጠየቃል። ልብ በሉ፤ ይኸው ግሥ ሌላም ትርጉም አለው። መጠየቅ ማለት ጥያቄ ማቅረብም ነው። "ለምን?"፣ "እንዴት?"፣ "ኃላፊው ማነው?" ማለትም ነው።

ነገራችን ባጭሩ ይህ ነው። በአገራችን ክርስትና የመጀመሪያው መጠየቅ እስከዛሬ አልጠፋም። ስንቅ ቋጥሮ፣ ሰልፍ ጠብቆ፣ ተፈትሾ ገብቶ እስረኛን የሚያይ ሰው ሞልቷል። ሁለተኛው መጠየቅ ግን ሳስቷል። እስረኛው ሲታመም "እግዜር ይማርህ" ብለን እንወጣለን እንጂ "ሐኪም አይቶታል ወይ? መድኃኒቱ ደርሶታል ወይ?" ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ሁለቱ መጠየቆች አንድ ላይ ካልሄዱ ደግሞ ትእዛዙን በግማሽ ፈጽመን በሙሉ እንደፈጸምን መቁጠራችን ነው።

"ጤና የሐኪም፣ እስር የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ሃይማኖትን እዚህ ውስጥ ምን አገባው?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱን ከአንድ የጥንት እስረኛ እንጀምር።

ሐዋርያው፣ ሐኪሙና በርኖሱ

ቅዱስ ጳውሎስ በሮም ታስሮ ሞቱን ይጠባበቅ በነበረበት ጊዜ ለልጁ ለጢሞቴዎስ የጻፈውን ሁለተኛ መልእክት ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሩጫን ስለ መጨረስና ሃይማኖትን ስለ መጠበቅ በተናገረው ነው። ከዚያ ጥቂት ወረድ ብሎ ያለውን ግን ሰባኪዎቻችን እምብዛም አያነሡትም። ሐዋርያው ጢሞቴዎስን በጢሮአዳ ትቶት የመጣውን በርኖስ እንዲያመጣለት ይጠይቀዋል። ከክረምት በፊት እንዲደርስም አደራ ይለዋል። ያ ሁሉ ምሥጢር የተገለጠለት ሰው በእስር ቤት የቸገረው አንዱ ነገር ብርድ ነበር፤ ይህንን ለመናገርም አላፈረም።

እዚያው ደብዳቤ ላይ ሌሎች ጥለውት እንደሄዱ፣ አብሮት የቀረው ሉቃስ ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። ሉቃስ ማን ነበር? ጳውሎስ ራሱ በቆላስይስ መልእክት እንደሚነግረን ሐኪም ነበር። እንግዲህ እስረኛው ጋ የቀረው ሰው ሐኪም ነው ማለት ነው። በዚሁ መልእክት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሄኔሲፎሩ የሚባል ሰው እናገኛለን። ይህ ሰው በጳውሎስ ሰንሰለት ሳያፍር ሮም ድረስ ሄዶ፣ አጥብቆ ፈልጎ አገኘው። ልጁ የት ጣቢያ እንደታሰረ ለማወቅ ከአንዱ ፖሊስ ጣቢያ ወደ ሌላው የዞረ የአዲስ አበባ ወላጅ የሄኔሲፎሩን ድካም ያለ ትርጓሜ ይረዳዋል።

ፈልጎ ማግኘት፣ ልብስ ማድረስ፣ ሐኪም አጠገብ ማድረግ። የክርስትና የእስረኛ ጤና አጠባበቅ ከእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው የጀመረው። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይ ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲያስተምር የታመመውንና የታሰረውን ጎን ለጎን ነው ያስቀመጣቸው። ደግሞም የታሰረው "በግፍ ከሆነ" የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስገባም። ሌባውም፣ ነፍሰ ገዳዩም፣ ፖለቲከኛውም፣ ጋዜጠኛውም ሲያማቸው ያው የታመሙ ናቸው።

ከቁራኛ እስከ "ዓለም በቃኝ"

በአገራችን የጥንቱ ሥርዓት እስረኛን የመመገብና የማስታመም ሸክም ከቤተሰብና ከምጽዋት ሰጪ ትከሻ ላይ የተጫነ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ይታሰሩ ነበር፤ እስረኛ በሰንሰለት ሆኖ በየገበያውና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲለምን ማየትም የተለመደ ነበር። የሚያበላው ዘመድ ያለው ይተርፋል፤ የሌለው ክርስቲያን እጁን እስኪዘረጋለት ይጠብቃል። ዛሬ "ስንቅ" የምንለው ነገር ሥሩ እዚህ ድረስ ይወርዳል።

ዘመናዊው ወህኒ ሲመጣ ስሙ እንኳ የውጭ ነበር፤ "ከርቸሌ" የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። አዲስ አበባ መሐል የነበረው ዋናው ወህኒ ቤት ግን ሕዝቡ ሌላ ስም ሰጠው፦ ዓለም በቃኝ። ይህ የመነኩሴ ቃል ነው። መነኩሴ ዓለም በቃኝ ብሎ የሚመንነው ፈቅዶ ነው፤ እስረኛው ግን ዓለምን የሚያጣው ተገድዶ ነው። ሕዝቡ የገዳሙን ቃል ለወህኒው ሲሰጥ የወህኒውን ክብደት በደንብ አውቆ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ የተረሸኑት እዚያ ነበር።

በዚያው በደርግ ዘመን ስለ ሥጋና ነፍስ አንድነት አጥብቀው የተከራከሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ቄስ እናገኛለን። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ከመሆናቸው በፊት በነቀምት ሆስፒታል የቁስለኛ አልባሽነት ሙያ ተምረው ሠርተዋል። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው ለውጭ አጋሮቿ የላከችው ደብዳቤ ዋና ነጥብ የሰውን ልጅ ከሁለት ከፍሎ ለነፍሱ ወንጌል፣ ለሥጋው ልማት እያሉ ማደል ስሕተት መሆኑ ነበር። ሰው አንድ ነው፤ አገልግሎቱም አንድ መሆን አለበት የሚል ነው። ቁስል አጥቦ የሚያውቅ እጅ ያለበት ደብዳቤ መሆኑ ያስታውቃል። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያለ ፍርድ ታስረዋል።

ሐኪሙ ሲታሰር

የእስረኛ ጤና ታሪካችንን በአንድ ሰው ሕይወት እናሳይ ብንል ከፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የሚቀድም አናገኝም። በልጅነታቸው አባታቸውን በግራዚያኒ ጭፍጨፋ አጥተዋል። በኤድንብራ ሕክምና ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በቀዶ ሕክምናቸው ስመ ጥር ሆኑ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ፤ በዲንነትም መርተውታል። ጥቁር አንበሳ ውስጥ ተምሮ የወጣው የዚያ ዘመን ሐኪም ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ የእሳቸው ተማሪ ነው ማለት ይቻላል።

በ1985 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ከተባረሩት ከ40 በላይ መምህራን አንዱ ሆኑ። የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅት መሪ ሳሉ በ1986 ዓ.ም. ተፈርዶባቸው አዲስ አበባ ወህኒ ቤት ገቡ። የልብ ሕመማቸው ጠናባቸው። በቂ ሕክምና እንዲያገኙ አምነስቲ ኢንተርናሽናልን ጨምሮ ብዙዎች ሲወተውቱ ቆዩ። በመጨረሻ በጥር 1990 ዓ.ም. ሆስፒታል ሲገቡ የገቡት ሲያስተምሩበት በኖሩት በጥቁር አንበሳ ነበር፤ በእስረኝነት። ለውጭ ሕክምና የተለቀቁት በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ነው። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ፊላደልፊያ አሜሪካ ውስጥ ዐረፉ።

በፖለቲካቸው የሚስማማም የማይስማማም ሊኖር ይችላል። እኛ እዚህ ጋ የምናነሣው ሌላ ነገር ነው። የሺዎችን ሐኪም ያስተማረ ሰው ራሱ በጊዜ ሐኪም ካላገኘ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው፣ ጠያቂ ዘመድ የሌለው፣ ከሩቅ ገጠር መጥቶ የታሰረ ገበሬ ሲታመም ምን ተስፋ አለው? ፕሮፌሰሩን ቢያንስ ዓለም ጠይቆላቸው ነበር።

ቃሊቲ

ዓለም በቃኝ ፈርሷል። በቦታው ላይ በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት አዲስ ሕንፃ ቆሟል። እስረኞቹ ወደ ከተማዋ ደቡብ ጫፍ፣ አቃቂ ቃሊቲ ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ "ቃሊቲ ወረደ" የሚለው አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አላስፈለገም። ግቢው በስምንት ዞኖች የተከፈለ ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. የተሰባሰቡ ወጣት ጦማሪዎች "ዞን 9" የሚለውን ስም ያወጡት ከዚህ ተነሥተው ነው። ከአጥሩ ውጪ ያለነው ሁላችንም ዘጠነኛው ዞን ውስጥ ነን ማለታቸው ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከመካከላቸው በርካቶቹ ራሳቸው ታሰሩ።

ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ከታሰሩት ጋዜጠኞች አንዷ ሰርካለም ፋሲል ነበረች። ስትያዝ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በ1998 ዓ.ም. እስር ላይ እንዳለች ወንድ ልጅ ወለደች። በሰኔ 2003 ዓ.ም. የታሰረችው መምህርትና አምደኛ ርዕዮት ዓለሙ ቃሊቲ ሳለች በጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። በቂ ክትትል አላገኘችም ሲሉ ዓለም አቀፍ የፕሬስ ነፃነት ድርጅቶች በተደጋጋሚ ጮኸዋል። በ2005 ዓ.ም. የዩኔስኮን የጉሌርሞ ካኖ ሽልማት ስታሸንፍም እስር ላይ ነበረች። የተፈታችው በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ነው።

እነዚህ ስማቸው የሚታወቅ ናቸው። ስማቸው የማይታወቀውን የሚያጠቃቸው ደግሞ ቀላሉ፣ የድኻ በሽታ ነው። ሰው በተጨናነቀበት፣ ውኃ ባነሰበት፣ ልብስ መቀየሪያ በጠፋበት ቦታ ቅማል ይፈላል፤ ቅማል ደግሞ ተስቦንና ግርሻን ይዞ ይመጣል። አየር በማይገባበት ክፍል የአንዱ ሳል የሁሉም ይሆናል። በአገራችን የተካሄዱ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት የሳንባ ነቀርሳ ስርጭት በማረሚያ ቤቶች ከውጪው ሕዝብ ይበልጣል። ይህ የታሳሪዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም። ጠባቂው በዚያው አየር ይተነፍሳል፤ ማታ ወደ ልጆቹ ይገባል። ታሳሪውም አንድ ቀን ተፈትቶ አጠገባችን ታክሲ ውስጥ ይቀመጣል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች ሰብዓዊ ክብራቸው ተጠብቆ የመያዝ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከዚያ ቀጥሎ ሊጎበኟቸው የሚገባቸውን ይዘረዝራል፦ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና ጠበቃ። ካህኑና ሐኪሙ ጎን ለጎን ናቸው! ማቴዎስ 25ን እያሰቡ የጻፉት ይመስላል። ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ያሉትን በልባችን ያለያየናቸው እኛው ነን።

ጸበሉም መድኃኒቱም

ይህ መለያየት ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ "ሐኪም ዘንድ መሄድ የእምነት ጉድለት ነው" የሚለው አስተሳሰብ ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ለሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መምከሩን የረሳ አስተሳሰብ ነው። ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ ሕመምተኛው ጸልዮ ለሐኪሙም ቦታ መስጠት እንዳለበት ያስተምራል። ደጉ ሳምራዊም ለቁስለኛው አልጸለየም አይባልም፤ የተጻፈልን ግን ዘይትና ወይን ማፍሰሱ፣ ቁስሉን ማሰሩ፣ የእንግዳ ማረፊያውን ሒሳብ መክፈሉ፣ ሲመለስም የጎደለውን ሊሞላ ቃል መግባቱ ነው። ዛሬ ክትትል የምንለው ይህንኑ ነው።

ቅዱስ ባስልዮስን እንውሰድ። በስሙ የሚጠራው ቅዳሴ ከ14ቱ ቅዳሴያቶቻችን አንዱ ነው። ይህ አባት በአራተኛው መቶ ዘመን በቂሳርያ ሊቀ ጳጳስ ሳለ ለድውያን፣ ለለምጻሞችና ለእንግዶች የሚሆን ትልቅ ማረፊያና ሕክምና ቤት ሠርቷል፤ የሕክምና ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነም ለመነኮሳቱ ጽፏል። ቅዳሴውን ይዘናል፤ ሕክምና ቤቱን ግን ዘንግተናል።

በቅርቡም ምሳሌ አለን። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መታደል ሲጀምር "ጸበል የጀመረ መድኃኒት መውሰድ የለበትም" በሚል እንክብሉን የጣለ ብዙ ወገን ነበር። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናገሩ። የአባት አንድ ቃል ለብዙ ሕመምተኛ እፎይታ ነበር። ለእንጦጦ ጸበልተኛ የተሰጠው ያ ቃል ለታሳሪውም ቢሰጥ ምን ነበረበት?

የጠየቀው ሰው

በመጠየቅ ምን ይለወጣል የሚል ካለ ስለ ጆን ሃዋርድ እንንገረው። ሃዋርድ በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረ አጥባቂ ክርስቲያን እንግሊዛዊ ነበር። በ1773 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአውራጃው ሸሪፍ ሲሆን ሥራው የክብር ብቻ ነበር፤ እሱ ግን እስር ቤቶቹን በአካል ገብቶ ማየት ጀመረ። በየክፍሉ እየገባ ስንት ሰው እንዳለ፣ ውኃ እንዳለ፣ መስኮት እንዳለ ጠየቀ፤ ለካ፤ መዘገበ። በ1777 ያሳተመው መጽሐፍ የገለጠው ነገር አገሩን አስደነገጠ፦ በዚያን ዘመን እንግሊዝ በስቅላት ከሚገደለው ይልቅ "የወህኒ ትኩሳት" የሚገድለው እስረኛ ይበዛ ነበር። ዳኛው ያልፈረደውን ሞት በሽታው ይፈርድ ነበር ማለት ነው። ያ የወህኒ ትኩሳት እኛ ተስቦ የምንለው ነው።

ተስቦን የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን ቻርልስ ኒኮል ቱኒዝ ውስጥ ያረጋገጠው በ1909 ነው። ፍንጩን ያገኘው ከሆስፒታሉ በር ነበር፤ ሕመምተኞቹ ገላቸውን ታጥበው ልብሳቸውን ከቀየሩ በኋላ በሽታውን ለሌላ ማስተላለፋቸውን እንዳቆሙ አስተዋለ። ሳሙና፣ ውኃ፣ ንጹሕ ልብስ። የጳውሎስ በርኖስ እንደገና መጣ ማለት አይደል?

የቀረው የእኛ ነው

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መንግሥት ከ4,000 በላይ ታራሚዎችን በይቅርታ ፈታ፤ እስረኛ መጠየቅም ለጊዜው ታገደ። ምክንያቱ ይገባናል። ያ እገዳ ግን አንድ እውነት አጋልጧል፦ የታሳሪው ጤና ምን ያህል በጠያቂው ዘንቢል ላይ እንደቆመ። ጠያቂ ሲቀር ምግቡም፣ ሳሙናውም፣ መድኃኒቱም ይቀራል። ከመጀመሪያውም ጠያቂ ለሌለው ታሳሪ ደግሞ ዘመኑ ሁሉ እገዳ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም. ያጸደቀው የማንዴላ ደንብ የእስረኛን ሕክምና የመንግሥት ግዴታ የሚያደርገው፣ ጥራቱም ውጪ ካለው እንዳያንስ የሚያዘው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያችን፣ የምንለው ከባድ ነገር አይደለም። እስረኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ እንጀራው ላይ ሳሙናና ቅያሪ ልብስ ጨምሩበት። የእናንተን ዘመድ ስታዩ አጠገቡ ጠያቂ የሌለው ማን እንደሆነ ጠይቁት። ካህናትና ፓስተሮች ለትምህርትና ለንስሐ ሲገቡ ስለ ነፍሱ ከጠየቁ በኋላ ስለ ሳሉም ይጠይቁ። አጥቢያችን ለሕንፃ ማሠሪያ እንደሚያዋጣ ሁሉ ለታሳሪ መድኃኒት ማዋጣት ይችላል። በየአድባራቱ ማኅበር ያላቸው ሐኪሞቻችንም ሉቃስ ሙያውን ይዞ የት እንደተገኘ ያስታውሱ። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማረሚያ ቤቶችን ጎብኝቶ ሪፖርት ሲያወጣ እናንብበው፤ "ጎድሏል" የተባለው ተሟልቷል ወይ ብለን እንጠይቅ። ይህ ፖለቲካ ነው የሚለን ካለ፣ ሄኔሲፎሩም በሮም ጎዳና ላይ እስረኛ እያፈላለገ ሲዞር በመንግሥት ዓይን ምን ይመስል እንደነበር ያስብ።

መጪው ክረምት ነው፤ ቃሊቲም ብርድ ነው። በርኖስ የሚጠብቅ ሰው አለ።

ጤና ይስጥልን።